ኮንትሮባንድ፦ ቃሉ ከየት መጣ፣ ዕቃውስ በምን ይታወቃል?

በባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ «ይህ ኮንትሮባንድ ነው» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ነገሮች አንዱን ማለቱ ነው፦ ዋጋው ከሱቅ ዋጋ ያነሰ ነው፣ ደረሰኝ የለውም፣ አስመስሎ የተሠራ ነው፣ አለዚያም በመተማ በኩል በሌሊት የገባ ነው። ከአራቱ ከቃሉ ፍቺ ጋር የሚቀራረበው የመጨረሻው ነው፤ እርሱም ቢሆን ዋናው ቁም ነገር የሌሊቱ ጉዞ ሳይሆን ዕቃው ከጉምሩክ ቁጥጥር ውጭ መግባቱ ነው። የቃሉ አጠቃቀም እንዲህ መላላቱ ደግሞ በሰው ላይ ጉዳት ያደርሳል። ሕጋዊ ዕቃ በቅናሽ የሚሸጥ ነጋዴ ስሙ ያለ ጥፋቱ ይነሣል፤ በአንጻሩ «ደረሰኝ ከተሰጠኝ ምን ችግር አለው» ብሎ የገዛ ሰው ሳያስበው በኬላ ላይ ተጠያቂ ይሆናል።

ብዙ ሰው ኮንትሮባንድን የዕቃ ዓይነት አድርጎ ያስበዋል። እንዲያ አይደለም። አንድን ጨርቅ፣ አንድን የዓሣ መረብ ወይም አንድን ጆንያ ቡና አገላብጦ በማየት ብቻ ኮንትሮባንድ መሆኑን ማወቅ አይቻልም። በሰው እጅ ያለ ብር የራሱ ይሁን የተበደረው በመልኩ እንደማይለይ ሁሉ፣ ይህም ከዕቃው ላይ የሚነበብ ነገር የለውም። ኮንትሮባንድነት በዕቃው፣ በድንበሩና በአዋጁ መካከል ያለ ግንኙነት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ እርሱም ይለወጣል። የቃሉ የትውልድ ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ኮንትሮባንድ የጣሊያን ቋንቋ ልጅ ነው። በጣሊያንኛ «ኮንትራባንዶ» የሚባለው ቃል ከሁለት ክፍሎች የተሠራ ሲሆን፣ የመጀመሪያው «ኮንትራ» ተቃራኒ ወይም ፀር፣ ሁለተኛው «ባንዶ» ደግሞ አዋጅ ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «አዋጅን የሚቃረን» የሚል ፍቺ ይሰጣሉ። በቀድሞዎቹ የጣሊያን ከተሞች የገዢው ትእዛዝ በአደባባይ በጩኸት ይነገር ነበር፤ ነጋሪውም «ባንዲቶሬ» ይባላል። እንደ ቬኒስ ያሉ የንግድ ከተሞች የጨውን ንግድ በብቸኝነት ይዘው ስለነበር፣ ከተማዋ ከፈቀደችው መንገድ ውጭ የተሸጠ ጨው አዋጅን የተቃረነ ጨው ነበር። ጨውነቱ አልተለወጠም፤ ምግብ ያጣፍጣል፣ ሥጋ ያቆያል። የተለወጠው ከአዋጁ ጋር ያለው ግንኙነት ነው።

«ባንዶ» ራሱ ከጣሊያንኛ የሚቀድም ዕድሜ አለው። «ባን» የሚለው ሥር ጀርመናውያን ነገዶች በሥልጣን ለተነገረ ትእዛዝ የሚጠቀሙበት ቃል ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ወደ ላቲን ገባ፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተሰራጨ። ሽፍታ ማለት የሆነው «ባንዲት» የሚለው የአውሮፓውያን ቃልም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ መነሻ ፍቺው በአዋጅ ከአገር የተባረረ ወይም ከሕግ ጥበቃ የወጣ ሰው ማለት ነበር። ኮንትሮባንድ የሚለው ቃል ደግሞ ከጣሊያን ተነሥቶ ወደ ስፓኒሽ፣ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ፍቺውን ብዙም አልቀየረም፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይገኛል።

ለአማርኛ አንባቢ «ባንዶ» ባዕድ ሐሳብ አይደለም። በእኛም አገር አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነበር። ነጋሪቱ ሲመታ ሰው ይሰበሰባል፣ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማል፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «አልሰማሁም» ማለት አያድንም። ሕግ በኅትመት መውጣት ሲጀምርም ስሙ ከዚያው ከበሮ አልራቀም፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት የሕግ መጽሔት «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ፣ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» ሆነ። መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነው የአማራ ክልል ምክር ቤት ሕጎቹን የሚያሳውቀው «ዝክረ ሕግ» በተባለው የራሱ ጋዜጣ ነው። እንግዲህ ኮንትሮባንድን በራሳችን ቋንቋ እንተርጉመው ቢባል፣ ነጋሪት የተጎሰመበትን ቃል ተቃርኖ የተጓዘ ዕቃ ማለት ነው።

«ባንዳ» ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል?

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ቃላት በድምፅ ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም ከጣሊያን መጥተዋል፣ ሁለቱም በክፉ ይነሣሉ። ነገር ግን የሚያያዙበት ጅማት እጅግ ቀጭን ነው። «ባንዳ» በጣሊያንኛ ጭፍራ ወይም ቡድን ማለት ሲሆን፣ ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ ከአገሬው ሰው መልምላ ላሰለፈቻቸው መደበኛ ያልሆኑ ጦሮች መጠሪያ አድርጋው ነበር። ከወራሪው ጋር መሰለፍ በሕዝቡ ዘንድ ክህደት ስለነበረ፣ በአማርኛ ቃሉ ከሃዲ ወደሚል ፍቺ ዞረ። የዚህ ቃል ጥንተ ሥር ምልክት ወይም ዓርማ ከሚል የጎት ነገድ ቃል የሚመዘዝ ሲሆን፣ «ባንዲራ»ም ከዚሁ የወጣ ነው። ባንዳና ባንዲራ የአንድ ሥር ልጆች መሆናቸው ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለኛል። በኮንትሮባንድ ውስጥ ያለው «ባንድ» ግን አዋጅ የሚለው «ባንዶ» ነው። የሥርወ ቃል አጥኚዎች ሁለቱ ሥሮች በድምፅ በመቀራረባቸው በጥንት ዘመን አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ እንዳሳደረ ይናገራሉ፤ በፍቺ ግን ኮንትሮባንድ የባንዳ ንግድ ማለት አይደለም።

በጣና ዳር የቀድሞው ነጋዴ ምን ይል ነበር?

ዛሬ በጉምሩክ ሥራ ዙሪያ የምንጠቀምባቸው ቃላት ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። «ጉምሩክ» የቱርኮች ቃል ነው፤ ቱርኮች ከግሪክ፣ ግሪኮችም ከላቲን የወሰዱት ሲሆን፣ የላቲኑ መነሻ ንግድ ማለት ነው። ቱርኮች ምጽዋን የያዙት በ1557 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ዕቃውን ወደ ቀይ ባሕር የሚያወርድ ነጋዴ የቱርክን የንግድ ቃላት ለመስማት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። «ታሪፍ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ማሳወቂያ ማለት ነው። ዕቃውን ለጉምሩክ የሚያሳውቀው ሰነድ የሚጠራበት «ዲክላራሲዮን» የአውሮፓ ነው። «ቀረጥ» እና «ነጋድራስ» ግን የራሳችን ናቸው። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ነበር፤ ስለ አገር ኢኮኖሚ በጥልቀት ከጻፉት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ የሆኑት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህንን ማዕረግ ይዘው በድሬዳዋ አገልግለዋል።

የጣና ዙሪያ በ19ኛው መቶ ዘመን የረጅም ርቀት ንግድ መተላለፊያ ነበር። ከዓባይ ማዶና ከጎጃም ገበያዎች የተነሣው ቡና፣ ሰም፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በሐይቁ ዳርቻ አልፎ ወደ ጎንደር ይወጣል፤ ከዚያም ከፊሉ በሰሜን ወደ ምጽዋ፣ ከፊሉ በምዕራብ ወደ መተማ ይወርዳል። በዚሁ መንገድ ሰው ራሱ እንደ ሸቀጥ ተነድቶ ይሸጥ እንደነበር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለችው ቆራጣ በዘመኗ ስመ ጥር የነጋዴዎች ከተማ ነበረች።

ያ ነጋዴ በየግዛቱ ኬላ ይጠብቀዋል፣ በየኬላውም ይከፍላል። ኬላን ዞሮ ማለፍ ያስቀጣል፤ ነገር ግን በዛሬው ፍቺ ኮንትሮባንድ ለማለት ያዳግታል፤ ምክንያቱም ያመለጠው ገንዘብ የአካባቢው ገዢ ድርሻ እንጂ በመላ አገሪቱ በአንድ ታሪፍ የሚሰበሰብ የመንግሥት ቀረጥ አልነበረም። ኮንትሮባንድ ዛሬ ባለው ትርጉሙ እንዲኖር አንድ የታወቀ ድንበርና በዚያ ድንበር ላይ እኩል የሚሠራ አንድ ሕግ ያስፈልጋል።

ሰው ኮንትሮባንድ ተብሎ ያውቃልን?

ቃሉ ረጅም ዘመን ያሳለፈው በጉምሩክ ብቻ ሳይሆን በጦርነት ሕግ ውስጥም ነው። ሁለት አገሮች ሲዋጉ ሦስተኛው ገለልተኛ አገር ከሁለቱም ጋር መነገዱን መቀጠል ይፈልጋል፤ ተዋጊዎቹ ደግሞ ባላንጣቸው መሣሪያ እንዲደርሰው አይፈልጉም። ከዚህ ግጭት «የጦርነት ኮንትሮባንድ» የሚል ሐሳብ ወጣ፦ ገለልተኛ መርከብ የጫነው ቢሆንም ወደ ጠላት የሚሄድ የጦር ዕቃ ሊያዝ ይችላል። የሆላንዱ የሕግ ሊቅ ሁጎ ግሮቲየስ በ1625 እ.ኤ.አ. ዕቃዎችን በሦስት ከፈላቸው፤ ለጦርነት ብቻ የሚያገለግሉ፣ ለጦርነት ፈጽሞ የማያገለግሉና ለሁለቱም የሚሆኑ። የሚያከራክረው ሁልጊዜ ሦስተኛው ክፍል ነው፤ ገንዘብ፣ ስንቅ፣ መርከብ። በ1856 እ.ኤ.አ. የወጣው የፓሪስ መግለጫ የገለልተኞችን ንግድ ሲጠብቅ የጦርነት ኮንትሮባንድን ለይቶ ከጥበቃው አስወጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ጥጥን በ1915 እ.ኤ.አ. ፍጹም ኮንትሮባንድ ብላ አወጀች፤ ከጥጥ ፈንጂ ስለሚሠራ ነው። ያው ልብስ የሚፈተልበት ጥጥ በአንድ አዋጅ ከጥይት ጋር ተቆጠረ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን በ1861 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር በአሜሪካ የተፈጸመው ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን፣ በቨርጂኒያ ግዛት ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪና ጄምስ ታውንሴንድ የተባሉ ሦስት በባርነት የተያዙ ሰዎች በሌሊት በጀልባ አምልጠው የሰሜኑ ጦር ወደያዘው ወደ ፎርት ሞንሮ ምሽግ ገቡ። የደቡቡ ጦር የመድፍ ምሽግ እያስቆፈራቸው ነበር። በማግሥቱ የጌታቸው ወኪል መጥቶ እንዲመለሱለት ጠየቀ፤ በጊዜው የአገሪቱ ሕግ ያመለጠ ባሪያ ለጌታው እንዲመለስ ያዝ ነበርና።

የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል ቤንጃሚን በትለር በሙያው ጠበቃ ነበር። ቨርጂኒያ ከአሜሪካ ተገንጥያለሁ ካለች የአሜሪካን ሕግ ልትጠቅስ አትችልም አለ። ቀጥሎም እናንተ እነዚህን ሰዎች ንብረት ትሏቸዋላችሁ፣ ንብረታችሁ ደግሞ እኛን ለመውጋት ምሽግ እየሠራ ነው፤ ስለዚህ የጦርነት ኮንትሮባንድ ናቸውና አልመልስም የሚል ክርክር አቀረበ። ሰውን ንብረት የሚያደርገው ሕግ ከነአመክንዮው በባለቤቶቹ ላይ ዞረ። ዜናው እንደተሰማ በመቶዎች፣ ቆይቶም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሽጉ ጎረፉ፤ «ኮንትሮባንዶች» ተባሉ፣ በአቅራቢያው የመሠረቱት ሰፈርም ታላቁ የኮንትሮባንድ ሰፈር ተባለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የአገሪቱ ምክር ቤት ለአመፁ ጦር አገልግሎት የዋለ ንብረት፣ ባሪያዎችንም ጨምሮ፣ እንዲወሰድ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሰው በዚህ ስም መጠራቱ የሚያሳዝን ነው፤ ሆኖም ለእነዚያ ሦስት ሰዎች ያ ቃል ወደ ጅራፍ ከመመለስ ያዳናቸው ቃል ነበር።

ዛሬ በኢትዮጵያ ሕግ ምን ማለት ነው?

መሠረታዊው ሕግ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859 ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1160 ተሻሽሏል። የሕጉን ሐሳብ በተራ ቋንቋ ስናስቀምጠው፣ ኮንትሮባንድ በሁለት በር ይገባል። የመጀመሪያው በር ዕቃው ራሱ ክልከላ ወይም ገደብ የተደረገበት ሲሆን ነው። ክልከላ ማለት ጨርሶ አይግባ ወይም አይውጣ ማለት ነው፤ ገደብ ማለት ደግሞ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሲፈቅድ ብቻ የሚያልፍ ማለት ነው። ልባሽ ጨርቅ፣ ገበያው ሰልባጅ የሚለው፣ ለንግድ እንዳይገባ የተከለከለ ነው፤ መድኃኒትና የጦር መሣሪያ ግን ያለ ፈቃድ አይገቡም። ሁለተኛው በር ዕቃው የተፈቀደ ሆኖ መንገዱ ሕገወጥ ሲሆን ነው። ስልክ፣ ጫማ፣ የምግብ ዘይት ማስገባት ማንም ፈቃድ ያለው ነጋዴ የሚችለው ሥራ ነው፤ ከጉምሩክ ጣቢያ ውጭ ካስገባው ግን ያው ስልክ ኮንትሮባንድ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ጥፋቱ ድንበሩን ባሻገረው ሰው ላይ ብቻ የሚያበቃ አለመሆኑ ነው። የኮንትሮባንድ ዕቃን ማጓጓዝ፣ ማከማቸት፣ ይዞ መገኘት፣ ለሽያጭ ማቅረብና መግዛትም ያስጠይቃል። ስለዚህ ከመተማ ባሕር ዳር ድረስ ባለው መንገድ ላይ ሹፌሩም፣ መጋዘኑን ያከራየውም፣ ሱቅ ውስጥ የደረደረውም በሰንሰለቱ ውስጥ ናቸው።

ድንበር የሚለውን ቃልም በካርታ ላይ ካለው መስመር ጋር ብቻ ማያያዝ አያስፈልግም። በጅቡቲ ወደብ የተራገፈ ኮንቴይነር የጉምሩክ ሥርዓቱን ሳይፈጽም ወደ መሐል አገር ሊጓዝ ይችላል፤ ሥርዓቱ የሚፈጸመው በደረቅ ወደብ፣ ማለትም ከባሕር ርቆ በመሐል አገር በተሠራ የጭነት ማራገፊያ ይሆናል። ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነው የወረታ ደረቅ ወደብ ያለው ሩዝ በሚበቅልበት በፎገራ ሜዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ኮንቴይነር የአገሪቱን ድንበር ካለፈ ቀናት ቢቆጠሩም፣ ዲክላራሲዮኑ ተሞልቶ፣ ዋጋው ተገምቶ፣ ቀረጡ ተከፍሎ መልቀቂያ እስኪያገኝ ድረስ በሕግ ዓይን ገና አልገባም። በመንገድ ላይ ተከፍቶ አንድ ካርቶን ቢጎድል፣ የጎደለው ካርቶን እንደ ኮንትሮባንድ ይታያል።

በጣና ላይ የሚጣለው መረብ ለምን ተከለከለ?

ለሐይቁ ዳር ሰው ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የዓሣ መረብ ነው። የተለመደው መረብ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች በተገመደ ፈትል ይሠራል፤ ይከብዳል፣ በውኃ ውስጥም ይታያል። ሞኖፊላመንት የሚባለው ግን ከነጠላ የፕላስቲክ ክር የተሠራ ነው። በእጅ ሲይዙት ክብደት የለውም፣ ወደ ብርሃን ሲያነሡት እንደ ብርጭቆ ያስተላልፋል፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓሣው አያየውም። ለአጥማጁ ርካሽና ብዙ የሚይዝ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው፤ ዓይኑ ጠባብ ሲሆን ያልደረሰውን ጫጩት ሁሉ ያነሣል፣ ተቀዶ ወይም ተጥሎ በሐይቁ ሲቀር ደግሞ ፕላስቲክ ስለማይበሰብስ ማንም በማያነሣው ሁኔታ ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል።

በጣና ውስጥ ቀረሶና አምባዛ ብቻ አይደለም ያለው። በአካባቢው ሰው ነጭ ዓሣ ከሚባሉት መካከል 15 ገደማ ዝርያዎች ከጣና ውጭ በየትኛውም የዓለም ክፍል አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ላይ ተሰብስበው የሚያልፉበት ጊዜ መረብ የጣለ ሰው ብዙ የሚይዝበት፣ ዝርያውም የሚጠፋበት ጊዜ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 እና እርሱን ተከትሎ በክልሉ የወጣው ሕግ የማጥመጃ መሣሪያን የሚቆጣጠሩት ስለዚህ ነው። የሐይቁን ዓሣ ያጠኑ ተመራማሪዎች እንደጻፉት ሞኖፊላመንት መረብ የሚገባው በሱዳን በኩል በሕገወጥ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የቃሉ ሁለት በሮች ተገናኙ። መረቡ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ መሣሪያ አይደለም፣ የሚያሰክር ዕፅም አይደለም፤ በሌላ አገር ባሕር ላይ ያለ ችግር ይሸጣል። ጣና ላይ ግን አንድ አዋጅ ይቃረነዋል፣ የገባበት መንገድ ደግሞ ሌላውን አዋጅ ይቃረናል። ለሐይቁ የሚቆረቆር ሰው ሁሉ ይህንን ለአጥማጆች በትዕግሥት ማስረዳት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ መረቡን ብቻ ነጥቆ መሄድ አጥማጁን ርካሹን መሣሪያ ለምን እንደተከለከለ ሳያውቅ ባዶ እጁን ይተወዋል።

ወደ ውጭ የሚወጣውስ?

ኮንትሮባንድ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ወደ አገር የሚገባው ነው። የሚወጣው ግን አይተናነስም፦ ቡና፣ የቁም ከብት፣ ወርቅ። እነዚህ በሕጋዊ መንገድ ሲወጡ ዶላሩ በባንክ በኩል ይመለሳል፤ በኮንትሮባንድ ሲወጡ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ሌላ የኮንትሮባንድ ዕቃ ነው። የወጣው ከብት ተመልሶ ልባሽ ጨርቅ ወይም ሲጋራ ሆኖ ይገባል።

በጣና ደሴቶች ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ነገር አለ። በዳጋ እስጢፋኖስ፣ በክብራን ገብርኤል፣ በጣና ቂርቆስና በዘጌ ገዳማት የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎችና ሥዕሎች ለዘመናት ተጠብቀው ኖረዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። አንድ የብራና ወንጌል በገዳሙ ዕቃ ቤት ውስጥ እያለ የተከበረ ንዋየ ቅድሳት ነው፤ በቱሪስት ሻንጣ ተሸፍኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ኮንትሮባንድ ነው። ብራናው፣ ቀለሙ፣ የጸሐፊው ስም ያለበት ገጽ ሁሉ እንደነበረ ነው። ስልክ በኮንትሮባንድ ሲገባ መንግሥት የሚያጣው ቀረጥ ነው፤ ይህ ሲወጣ ግን በምንም ክፍያ የማይተካ ነገር ይጠፋል።

ሰው ለምን ይገባበታል?

ዋናው ምክንያት የዋጋ ልዩነት ነው። አንድ ምሳሌ በቁጥር እንመልከት። በጉምሩክ 10,000 ብር የተገመተና ከፍተኛው የ35 በመቶ ቀረጥ የሚጣልበት፣ ኤክሳይዝ ታክስ ግን የማይመለከተው ዕቃ አለ እንበል። ቀረጡ 3,500 ብር ነው፤ ድምሩ 13,500 ይሆናል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 2,025 ብር ሲታከል 15,525 ይደርሳል። በዚህ ድምር ላይ ሱር ታክስ የሚባለው 10 በመቶ ተጨማሪ ግብር ሲሰላ 1,552 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል፣ በእነዚህ ሦስት ክፍያዎች ብቻ ዋጋው 17,077 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። እንግዲህ በሕጋዊው መንገድ የመጣው ነጋዴ ገና የመጓጓዣና የሱቅ ኪራይ ሳይጨምር ከ7,000 ብር በላይ ወጪ ይዞ ገበያ ይገባል፤ በኮንትሮባንድ የመጣው ከዚያ ጥቂቱን ለአሻጋሪ ከፍሎ የቀረውን ያተርፋል፣ በቅናሽ ሸጦም የጎረቤቱን ሱቅ ያዘጋል።

ሁለተኛው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው። ዶላር በባንክ በማይገኝበት ጊዜ፣ ወይም በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ፣ ዕቃ ወደ ውጭ አሸሽቶ ሸጦ በዚያው ገንዘብ ሸቀጥ ማምጣት ያዋጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ይህንን ልዩነት ለማጥበብ ጭምር ነበር። በድንበር አካባቢ የሚኖረው ሰው የሥራ ማጣትም አለ፤ ሸክም ተሸክሞ በሌሊት የሚሻገረው ወጣት ከትርፉ የሚደርሰው ጥቂት ሆኖ ሳለ ቅጣቱና የጥይቱ አደጋ የእርሱ ነው። የዚህ ወጣት ጉዳይ በቀላሉ መታየቱን አልቀበልም።

ከምን ከምን መለየት አለበት?

ፎርጅድ፣ ማለትም አስመስሎ የተሠራ ዕቃ፣ በግድ ኮንትሮባንድ አይደለም፤ እዚሁ አገር ውስጥ ሊሠራም ይችላል። የተሰረቀ ዕቃ ኮንትሮባንድ አይደለም። ያለ ደረሰኝ መሸጥ የታክስ ጥፋት ነው፤ ዕቃው ግን በሥርዓት የገባ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን በጉምሩክ በኩል አምጥቶ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ያስመዘገበ ነጋዴም የሚጠየቀው በማጭበርበር ነው፤ በሩን አልዘለለም፣ በበሩ ላይ ዋሸ። ልዩነቱ በፍርድ ቤት ብዙ ነገር ይቀይራል። በተቃራኒው የሱቅ ደረሰኝ መያዝ ብቻውን ዕቃውን ከኮንትሮባንድነት አያነጻም፤ ደረሰኙ ሻጩ ለገዢው መሸጡን እንጂ ዕቃው በጉምሩክ ማለፉን አያሳይም። በብዛት የሚገዛ ነጋዴ ከአስመጪው የዲክላራሲዮን ቅጂ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

መድኃኒት በዚህ መካከል ለብቻው መጠቀስ አለበት። በሞቃት ቆላ በጭነት ሥር ተደብቆ የመጣ መድኃኒት በፋብሪካ ሲመረት ትክክለኛ የነበረ ቢሆን እንኳ፣ መቀመጥ ካለበት ሙቀት በላይ ቆይቶ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ማሸጊያው አይለወጥም፣ የማብቂያ ቀኑም ገና ነው፤ በሽተኛው ግን አይድንም። ስለዚህ መድኃኒትን ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ መግዛት ያስፈልጋል።

የተያዘው ዕቃ የት ይደርሳል?

በኮንትሮባንድነቱ የተረጋገጠ ዕቃ ለመንግሥት ይወረሳል፤ እንደ ሁኔታው የተጫነበት ተሽከርካሪም ሊወረስ ይችላል። ለጤና አደገኛ የሆነው ይወገዳል፣ የሚያገለግለው ደግሞ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። በሐራጅ ሲሸጥ ቀደም ሲል የተነገረው ሁሉ በተገላቢጦሽ ይፈጸማል፦ ትናንት ኮንትሮባንድ የነበረው ያው ጫማ ዛሬ ሕጋዊ ይሆናል። ሌላ ጫማ አልሆነም፣ ወደ መጣበት ተመልሶም እንደገና አልገባም፤ ከአዋጁ ጋር የነበረው ግጭት ግን ተዘጋ። በሐራጅ የገዛ ነጋዴ ዕቃውን ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያጓጉዝ በየኬላው ይጠየቃል፤ ጫማውን የሚያየው ፈታሽ በሐራጅ የተሸጠውን በሌሊት ከገባው መለየት የሚችለው በሽያጭ ሰነዱ ብቻ ነው። ሰነዱ ከጭነቱ ጋር አብሮ መጓዝ አለበት፣ ዕቃው ለሁለት ነጋዴ ከተከፈለም ቅጂው ለሁለቱም መሰጠት አለበት።